ሁለት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች

ትሮይ ሃልፔኒን ያገኘነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከጀልባ ማውረጃው ጎን፣ ከድንጋዩ ግድብ ሥር፣ ኮንክሪቱ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። ትንፋሹ አለ፣ ግን የሚያስተማምን አልነበረም። የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ሲያነሱት አንድ ጫማው ወልቆ ቀረ። ማንም ዞር ብሎ ስላላየው እኔ አንሥቼ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት።

በከተማችን በማንዱራ፣ በሸርጣን ወቅት እዚያ ቦታ ሰው አይጠፋም። የዚያን ዕለት ግን ነፋሱ አላስቆም ስላለ ሁሉም ቤቱ ተከትቷል፣ ከኖርም ጊልክሪስት በስተቀር። ኖርም ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። አሁን የባሕር ነፍስ አድን በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ሞተር የጠፋባቸውንና ሞቅ ብሏቸው የተገለበጡትን ሲጎትት ይውላል። አምቡላንስ የጠራውም እሱ ነው።

«በግንባሩ ተደፍቶ ነው ያገኘሁት፣ ግሌን» አለኝ። «ደሙ ኩሬ ሠርቷል። በጎኑ አዞርኩትና ደወልኩ።»

«ሌላ ሰው አላየህም?»

«ማንንም። በዚህ ነፋስ የትኛው እብድ ይወጣል?»

«አንተ ወጥተሃላ።»

«እኔማ ሞተሬን ልሞክር ነው።» ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ወደ ቤቱ ላክሁት። በከተማችን ኖርምን የማያውቅና የማይወድ ሰው የለም፣ እኔም ከወዳጆቹ አንዷ ነኝ።

ባልደረባዬ ቪኔሽ ናይዱ በዚህ መሐል የትሮይን መኪና ይፈትሽ ነበር። ቪኔሽ ከፊጂ የመጣ፣ ሦስት ሴት ልጆች የሚያሳድግ መርማሪ ነው። ነገር ቶሎ ያናድደዋል፣ ሲናደድ ደግሞ ድምፁ ዝቅ ይላል።

«ግሌኒስ፣ ነይ እስቲ ይህን እዪ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የኋላ ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል። አጠገቡ የልጅ ሹራብ፣ ማይሎ የሚባለው ትኩስ የቸኮሌት መጠጥ የሞላበት ፔርሙዝና አንድ ፓኬት ብስኩት አለ። ከተጎጂው ሥር የተገኘው ስልክ መስታወቱ ቢሰነጠቅም አልተዘጋም፤ ታይድታውን የሚባለው የልጆች ጨዋታ እንደተከፈተ ነው። ልጆች ተሰብስበው ወደብና መንደር የሚገነቡበት፣ እየገነቡም የሚያወሩበት ጨዋታ ነው። የትሮይ ስም እዚያ «ጠጋኙ» ይላል፣ ከስሙ አጠገብ ደግሞ አረንጓዴ ኮከብ አለ።

ኮከቡ ምን እንደሆነ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቃል። አዲሱ ደንብ ከወጣ ወዲህ ጨዋታው ካሜራ ከፍቶ ፊትህን ያያል፣ ዕድሜህን ይገምታል፣ ከእኩዮችህ በቀር ከማንም እንዳታወራ ያደርጋል። አረንጓዴ ኮከብ ማለት ሕፃን መሆኑ የተረጋገጠ ማለት ነው። እኔ ስንት ዓመት ሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ክፍል ሠርቻለሁና ደንቡ ሲወጣ ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት።

ትሮይ ፂማም የማዕድን ሠራተኛ ነው።

የመጨረሻውን ልውውጥ ቪኔሽ አነበበልኝ። «ሰርዲን» የሚባል፣ እሱም ባለ አረንጓዴ ኮከብ ልጅ፣ እንዲህ ጽፏል፦ «ከቤት ጠፍቻለሁ። ጀልባ ማውረጃው ጋ ነኝ። ከግድቡ ነፋስ በማያገኘው ወገን ተጠግቻለሁ። ለማንም እንዳትናገር።» ትሮይ የመለሰው ደግሞ፦ «ከዚያ ንቅንቅ እንዳትል። መጣሁ። ብርድ ልብስ ይዤልህ እመጣለሁ።»

«ይኸውልሽ» አለ ቪኔሽ። «ትልቅ ሰውዬ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሕፃን ነኝ ይላል። ከቤት የጠፋ ልጅ አገኘና በብስኩት ሊወስደው መጣ። የመታውን ሰው ሳገኘው በመጀመሪያ ቢራ ነው የምጋብዘው።»

«ልጁስ የታለ?»

«የቱ?»

«ጠፋሁ ያለው ነዋ፣ ቪኔሽ!»

የባሕሩን ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ አሰስን። ሽንት ቤቶቹን፣ የጀልባ መጋዘኖቹን፣ ከድልድዩ ሥር ሳይቀር አየን። ልጅ የለም። ልጄ ጠፋብኝ ብሎ የደወለ ወላጅም በከተማው አልነበረም።

*

ትሮይ ሁለት ሳምንት ፒልባራ በረሃ ካምፕ ውስጥ ሆኖ ብረት ማዕድን ያወጣል፣ አንድ ሳምንት ማንዱራ ያርፋል። እንዲህ እየበረረ የሚሠራ ሰው በየመንገዱ አለ፣ ትዳሩ የፈረሰበትም እንደዚያው። ከሚስቱ ከሬኔ የተለየው ካቻምና ነው። ቴጋን የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለቻቸው።

ሬኔ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። በሩን ስትከፍትልን ስለ ፍንከታው ሰምታ ነበር፣ ስለ ጨዋታው ግን አልሰማችም። ቪኔሽ ነገራት። ሲነግራት ፊቷ እንደ አመድ ሆነ።

«ከልጆች ጋር? ትሮይ?»

«ከሌሎች ልጆች ጋር ሲሆን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«በስንት ሰዓት ነው የተመታው?» አለች፣ የተጠየቀችውን ትታ።

«ልክ ሊመሽ ሲል።»

ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ሰዓቱ ለምን እንዳሳሰባት ልጠይቃት ስል ቀና ብላ፣ «ቴጋን አታየውም» አለች። «ቢሞትም አታየውም። ሆስፒታሉ ደጃፍ አትደርስም፣ ሳጅን። እኔ እናቷ ነኝ።»

ኮሪደሩ ውስጥ የቆመች ቀጭን ልጅ አየሁ። ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፣ ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። አንጀቴን በላችው። ማን መታው የሚለውን ማወቅ የእኔ እንጀራ ነው። የዚያች ልጅ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚል። ትሮይ ሳይነቃ ቢሞት እኛ ፋይሉን ዘግተን ወደ ሌላ ሥራ እንሄዳለን፣ እሷ ግን እስክታረጅ ጥያቄውን ተሸክማው ትኖራለች።

የሬኔ አዲሱ ሰው ጃረድ ይባላል፣ የኖራ ለሳኝ ነው። ከትሮይ ጋር አንዴ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተያይዘው ገላጋይ እንደለያያቸው ጎረቤት ነገረን። የት ነበርክ ስንለው ቤት ነበርኩ አለ። ሬኔ ደግሞ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ እኔና ልጄ ብቻ ነበርን ብላናለች። ቪኔሽ ሳይወድ በግድ ጃረድን ሥራ ቦታው ድረስ ሄዶ አመጣው። የወደደውን ሰው እንዲይዝ የታዘዘ ይመስል ፊቱን አጨፍግጓል።

«ጃረድ፣ አታድክመን» አልኩት። «ቤት አልነበርክም።»

«ጉዳይ ነበረኝ።»

«ምን ጉዳይ?»

«የግል ነው።»

«አንድ ሰው ሊሞት ነው። የግል የሚባል ነገር ለጊዜው ቀርቷል።»

አንገቱ ድረስ ቀላ። በሩ መዘጋቱን ዞር ብሎ አየ። «ዋና እየተማርኩ ነው» አለ።

«ምን?»

«ዋና! የአዋቂ ጀማሪዎች ክፍል አለ፣ መዋኛ ገንዳው ጋ። ከአሮጊቶች ጋር ነው የምማረው። ተንሳፋፊ ሰሌዳ ሁሉ ይሰጡናል።» ድምፁን ቀነሰ። «ቤታችን በር ላይ ቦይ አለ፣ ጀልባ አለኝ፣ ልጅቷ እንደ ዓሣ ነው የምትዋኘው። ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ቪኔሽ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። ለአስተማሪዋ ደወልን፤ ከነተንሳፋፊ ሰሌዳው እዚያ ነበር። እግሩ አሁንም ይሰምጣል፣ ትዕግሥት ግን አለው አለችን።

*

በማግሥቱ ጠዋት ከኦንላይን ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ቲሊኒ ዊራኮን የምትባል ሴት በቪዲዮ ገባችልን። የጨዋታውን ኩባንያ ተወካይ ይዛው ቀርባለች። ሰውየው ከረባቱን አስተካክሎ፣ የሚያነበውን ከፊቱ ዘርግቷል።

«ባለን መረጃ መሠረት» አለ፣ «ጠጋኙም ሰርዲንም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው። በዚህ ውይይት ውስጥ አዋቂ አልነበረም።»

«አንደኛው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የጫማው ቁጥር አርባ አምስት ነው» አልኩት። «ጫማው እኔ ዘንድ ነው ያለው።»

«ዕድሜ ገማቹ መሣሪያችን ከፍተኛ ትክክለኛነት እንዳለው ተመስክሮለታል።»

ልመልስለት ስል ቲሊኒ ቀደመችኝ። ረጋ ያለች ሴት ናት። «ጠጋኙ ላይ አቤቱታ ቀርቦ ያውቃል?» አለችው።

ሰውየው ወረቀቱን ገለጠ። «ሁለት ጊዜ። ሁለቱም ወዲያው ተዘግተዋል።»

«በምን ምክንያት?»

«ጠጋኙ ሕፃን መሆኑ ስለተረጋገጠ።»

«ሰው አንብቦት ነው የተዘጋው?»

ሰውየው ወረቀቱን መልሶ ማገላበጥ ያዘ። ቲሊኒ የሆነ ነገር ጻፈች።

«አቤት ያለው ማነው?» አልኩ።

«የሰርዲን አሳዳጊ። ስሙን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አንሰጥም። የሕፃኑ ምስጢር ሊጠበቅለት ይገባል።»

ትእዛዙን አመለከትን፣ ቀናት እንደሚወስድ ተነገረን። ስክሪኑ ሲጠፋ እኔ የሰርዲንን መልእክት ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

«ቪኔሽ፣ ትልቋ ልጅህ ጀልባ ማውረጃው ጋ ብትደበቅ የት ነኝ ትልሃለች?»

«ሽንት ቤቱ ጀርባ።»

«‹ከግድቡ ነፋስ በማያገኘው ወገን› አትልም?»

«እንኳን እሷ፣ እኔም አልል።» ወንበሩን ስቦ ጠጋ አለ። «ሁለተኛውም አዋቂ ነው ነው የምትይኝ?»

«አሳዳጊው ሁለት ጊዜ አቤት አለ፣ ሰሚ አጣ። ከዚያ የልጁን ስልክ ወስዶ በልጁ ስም ጻፈ። ጠፋሁ ብሎ ጠራው።»

«እኔስ ብሆን?» አለ ቪኔሽ። «እኔም እንደዚያ የማላደርግ ይመስልሻል?»

*

ከሰዓት በኋላ የጥበቃ ክፍሉ ፖሊስ ጠራኝና አንዲት ልጅ ልትታሰር መጥታለች አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወጥቼ ሳይ ቴጋን የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አዝላ፣ ባርኔጣዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

እናቷ ሳትኖር ላናግራት እንደማልችል ነግሬያት ለሬኔ ደወልኩ። ቴጋን ግን መጠበቅ አልቻለችም።

«ፊቴን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች።

«ቆይ፣ እናትሽ ትምጣ።»

«እኔ ነኝ ያጭበረበርኩት! እሱ ምንም አላደረገም!»

ሬኔ የፀጉር ቀለም የነካው ሽርጧን ሳታወልቅ እየሮጠች ገባች። ልጅቷን እቅፍ አድርጋ ስታስቀምጣት ቴጋን እናቷን ሳይሆን ጠረጴዛውን እያየች ነው ያወራችው።

«ደንቡ ሲመጣ የእኔና የአባዬ ወሬ ተቆረጠ። እሱ ሲጽፍ ለእኔ አይመጣም። ወላጅ ከሆነ ይቻላል ይላል፣ ግን ለአንድ ልጅ አንድ ወላጅ ብቻ ነው የሚቀበለው። እማዬ ቀድማ ገብታለች።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሬኔ።

«ስለ አባዬ ሲነሳ ፊትሽ ይቀየራላ።»

እኔ ቀስ ብዬ፣ «ስልክ አትደዋወሉም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እንደዋወላለን። ግን ስልክ ላይ ምን እንደምል አላውቅም። እሱም አያውቅም። እንዴት ነሽ፣ ደህና። ትምህርት እንዴት ነው፣ ደህና። ከዚያ ዝም። ጨዋታው ላይ ግን ወደባችንን እየሠራን ሳናስበው ወሬው ይመጣል። ከሥራ ወጥቶ ካምፑ ውስጥ አልጋው ላይ ሆኖ ነው የሚጫወተው።» አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች። «እሱ ጋ ስሄድ ቋሊማ እየጠበሰ ስልኩን አነሳሁና ፊቴን አሳየሁት። አሥራ ሁለት አለኝ፣ ገና አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አባዬ ይሄ ልክ አይደለም፣ እናጥፋው አለ። አለቀስኩበት። ከዚያ እሺ አለ።»

«ሰርዲንስ ማነው?»

«አላውቅም። ወደቡን ሊያግዘን የመጣ ልጅ ነው። እናቱ ሞታበታለች። አባዬ በጣም ነው ያዘነለት። ማታ ማታ ካልተኛህ ለእኔ ጻፍ፣ እኔም የሌሊት ፈረቃ ስሆን አልተኛም ይለዋል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ትምህርት ቤት የዕድሜ ምርመራውን ማታለል ወንጀል ነው አሉን። እኔን እሰሩኝ። እሱ አይታሰርም፣ አይደል?»

በዚህ አገር ሕፃን በዚህ የሚያስር ሕግ እንደሌለ፣ ደንቡ የወጣው እሷን ለመጠበቅ እንጂ ለመቅጣት እንዳልሆነ ነገርኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ሬኔ ተነስታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ተከተልኳት። ግድግዳውን ተደግፋ ሽርጧን በእጇ ትጨምቃለች።

«መጥቶ ነበር» አለች።

«ማን?»

«ትሮይ። ያን ዕለት፣ ሊመሽ ሲል። በሩን አንኳኳ። ‹ሬኔ፣ አንድ ልጅ ባሕር ዳር ጠፍቷል፣ ብቻዬን መሄድ ልክ አይመስለኝም፣ እባክሽ አብረሽኝ ነይ› አለኝ። ፖሊስ ጥራ አልኩት። ‹እንዴት አወቅክ ሲሉኝ ምን ልበል? አስረድቼ እስክጨርስ ልጁ በብርድ ያልቃል› አለ። የትኛው ልጅ ስለው ጨዋታ ላይ ያለ አለኝ። ምኑን ልመነው፣ ሳጅን? ልጅቷን ሊያይ ፈልጎ ያመጣው ዘዴ መሰለኝ። የቴጋንን አሮጌ ሹራብ ስጪኝ አለ፣ ወረወርኩለትና በሩን ዘጋሁበት።»

ቃሏን መጻፍ ግዴታዬ ነው። ትሮይን ነጻ የሚያወጣውም እሱ ነው፤ ሕፃን ሊጎዳ የሚሄድ ሰው የቀድሞ ሚስቱን አብረሽኝ ነይ ብሎ አይለምንም።

«ለቴጋን እንዳይነግሩብኝ» አለችኝ። «በሩን የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ እንዳትሰማ። እባክዎ።»

«እኔ አልነግራትም፣ ሬኔ» አልኳት። «ግን ያለዚያ ስለ አባቷ ምን ብለሽ ነው የምታስረጂያት?»

*

ማምሻውን የአምቡላንሷን ሠራተኛ አገኘኋት። እንዴት ተኝቶ እንዳገኘችው ጠየቅኋት።

«በጎኑ፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ አገጩ ቀና ብሎ። መማሪያ መጽሐፍ ላይ እንዳለው ነው። በጀርባው ቢተኛ ኖሮ በገዛ ምላሱ ታፍኖ ይሞት ነበር።»

«ፊቱስ?»

«ፊቱ ምንም አልነበረበትም። ንጹህ።»

ፊቱ ንጹህ እንደነበር እኔም አይቻለሁ። በገዛ ደሙ ኩሬ ላይ በግንባሩ የተደፋ ሰው ፊቱ ንጹህ አይሆንም፣ አፍንጫውም ኮንክሪት ላይ ወድቆ ሳይላጥ አይቀርም። ኖርም በግንባሩ ተደፍቶ አገኘሁት ያለኝ ውሸት ነው። ፊቱ መሬት ሳይነካ ይዞ በጎኑ ያዞረው ሰው አለ፣ ያ ሰው ደግሞ ሲወድቅ አጠገቡ ነበር። ነፋሱን የሚያውቅ፣ ነፍስ ማዳን የተማረ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው።

«ኖርም የልጅ ልጅ አለው እንዴ?» አለኝ ቪኔሽ መኪና ውስጥ።

«ሴት ልጁ ኩዊንስላንድ ነበረች። በክረምቱ ሞተች። ልጇን እሱ ነው የወሰደው።»

መኪናውን ወደ ኖርም ቤት አዞርኩት።

ኖርም በረንዳው ላይ የሸርጣን መረቦቹን ይጠግን ነበር። ሲያየን አልተነሳም። ከውስጥ ድስት ይንኳኳል፣ የልጅ ዘፈን ይሰማል።

«ፊቱ ንጹህ ነበር፣ ኖርም» አልኩት።

መርፌውን መረቡ ላይ ሰካ። ሊዋሽ ያስብ ይሆን ብዬ አየሁት፣ ፊቱ ላይ ያለው ግን ከከባድ ሸክም የተገላገለ ሰው ነገር ነው።

«ብሶበት ይሆን?» አለ። «ሆስፒታል ደውዬ ነበር። የቤተሰብ አባል ካልሆንክ አሉኝ።»

«ገና አልነቃም። የልጅ ልጅህ ኮቢ ጨዋታው ላይ ማን ነው የሚባለው?»

«ሰርዲን።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «የተባልኩትን ሁሉ አደረግኩ፣ ግሌን። ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩ አሉ፣ አየሁ። አጠራጣሪ ነገር ካለ ለኩባንያው አመልክቱ አሉ፣ አመለከትኩ። ሁለቴ! ሕፃን ነው፣ አረጋግጠናል አሉኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው ክሪብ ልበላ ነው የሚል? እረፍት ላይ የሚበላ ምሳን ክሪብ የሚለው የማዕድን ሰው ነው። የሌሊት ፈረቃ ነኝ የሚል ሕፃን አለ? ማታ ካልተኛህ ለእኔ ጻፍ ይለዋል። ኮቢ ስለ እናቱ ለእኔ አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ለእሱ ግን ሁሉን ይነግረዋል። ያን ሳነብ ስልኩን ወስጄ በስሙ ጠፋሁ ብዬ ጻፍኩለት።»

«ሲመጣ ምን አለህ?» አለ ቪኔሽ።

«እኔን አላየኝም። ‹ሰርዲን፣ አይዞህ፣ መጣሁልህ› እያለ በነፋሱ ውስጥ ይጣራ ነበር። መቅዘፊያ በእጄ ነበር። አንድ ጊዜ መታሁት። ሲወድቅ እጄ ራሱ ሄዶ አዞረው፣ እኔ አላዘዝኩትም። ከዚያ ደወልኩ።» ወደ ቪኔሽ ቀና አለ። «አንተ ልጆች አሉህ አይደል? አንተ ይገባሃል።»

ቪኔሽ ከጎኑ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሊጋብዘው ስለፈለገው ቢራ አላነሳም። «አቶ ኖርም» አለው፣ «ሰውየው የራሱ ልጅ አለችው። ከእሷ ጋር ለማውራት ነው በልጅቷ ፊት የገባው። ያን ዕለት ብቻዬን አልሄድም ብሎ የቀድሞ ሚስቱን ለምኖ ነበር። ኮቢን ሊጎዳ አልመጣም። በብርድ እንዳያልቅበት ነው የመጣው።»

ሽማግሌው መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ከዚያ ፊቱን በመረቡ ሸፈነ። ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

በሩ ተከፈተ። ኮቢ ማማሰያ ይዞ ብቅ አለ። እኛን አየ፣ አያቱን አየ።

«አያቴ? ምን ሆንክ?»

ኖርም በዓይኑ ለመነኝ፤ አንቺ ንገሪው ማለቱ ነው። ራሴን በእምቢታ ነቀነቅሁ። መረቡን ከላዩ አነሳ፣ ልጁን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠና ራሱ ነገረው። እስኪጨርስ ጠበቅነው። ስንወስደው ቪኔሽ ካቴናውን ከቀበቶው አላወጣም፣ እኔም አውጣ አላልኩትም።

*

በማግሥቱ ቲሊኒ ደወለችልኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«ከእንግዲህ አቤቱታ ሰው ሳያነበው እንዳይዘጋ ማስገደድ ይቻላል» አለች። «ሁለተኛ ወላጅም እንዲገባ። ቀላል ነገር ነው፣ አንድ ሳጥን መጨመር ነው። ‹ደንቡ ልጆችን ያስለቅሳል፣ ይነሳ› የሚሉት ግን ይህን ታሪክ ይዘው ይመጡብናል።»

«ደንቡ ይነሳ አልልሽም» አልኳት። «ሕፃን መስለው የገቡትን እውነተኞቹን አውሬዎች በእነዚህ እጆቼ አስሬያለሁ። ግን ያ ኮከብ ለሁለት ሰዎች ዋሽቷል። ትሮይን የጻፈልህ ሕፃን ነው አለው፣ ኖርምን ደግሞ ያየኸውን አላየህም አለው። ሁለቱም ሌላ የሚሻል መንገድ አልታያቸውም።»

«ይህን በጽሑፍ ልትልኪልኝ ትችያለሽ?» አለች። እልካለሁ አልኳት።

ሆስፒታል ስደርስ ትሮይ ነቅቷል፣ አንደበቱ ግን አልተመለሰም። ሐኪሞቹ ይመለሳል ወይም አይመለስም ከማለት ተቆጥበዋል። ነርሷ ተቸግራለች፤ ዕረፍት የለውም፣ አንሶላውን ይጎትታል፣ ሊነሳ ይሞክራል፣ ዓይኑ ከበሩ አይነቀልም፣ መድኃኒት ብንሰጠውም እንቅልፍ እንቢ ብሎታል አለችኝ።

ሬኔና ቴጋን ከክፍሉ ውጪ ወንበር ላይ ነበሩ፤ ስለ ኖርምና ስለ ኮቢ ጠዋት ነግሬያቸዋለሁ። ልሄድ ስል ሬኔ በእጇ አስቆመችኝ። ምስክር የፈለገች መሰለኝ።

«ቴጋን» አለች። «አባትሽ ያን ዕለት ቤታችን መጥቶ ነበር። ልጁን አብረን እንፈልገው ብሎ ለመነኝ። እኔ ውሸት መስሎኝ በሩን ዘጋሁበት። ብሄድለት ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።» እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም። «እኔን መጥላት ትችያለሽ። እሱን ግን አንድም ቀን እንዳትጠረጥሪው።»

ቴጋን እናቷን ትክ ብላ አየቻት። ከወንበሩ ወረደች፣ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች፣ ግን ከኋላዋ አልዘጋችውም። ሬኔ ደፍ ላይ ቀረች።

ትሮይ ልጁን ሲያይ አፉ ተንቀሳቀሰ፣ የወጣ ድምፅ ግን የለም። ዓይኑ ከእሷ አልፎ ወደ በሩ ሄደ፣ እንደገና ወደ እሷ ተመለሰ፣ እጁ አንሶላውን ይጎትታል። እኔና ነርሷ ምን እንደሚፈልግ አልገባንም። ለቴጋን ግን ወዲያው ገባት። አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች።

«አባዬ፣ ሰርዲን ደህና ነው። ባሕር ዳር አልነበረም። ቤቱ ነው ያለው፣ ምንም አልሆነም።»

እጁ አንሶላውን ለቀቀ። ዓይኖቹ በእንባ ሞልተው ጥቂት አያት፣ ከዚያ ጨፈናቸው፣ ትንፋሹም ቀስ እያለ ረዘመ። ነርሷ ጠጋ ብላ አየችውና በእጇ ዝም በሉ አለችን። ትሮይ እንቅልፍ ወስዶታል።